አገር ነጻ ከወጣ በኋላ አቤት የሚባለው ወዴት ነው? (ስለ ደቡብ ሱዳን)

ማመልከቻ ጸሐፊዋ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በታይፕ ይመታ ነበር። እኔ በኮምፒውተር እመታለሁ፣ ፎቶ ኮፒም አነሣለሁ። የቀለብ፣ የውርስ፣ የድንበር፣ የደመወዝ አቤቱታ ስንቱ በእጄ አልፏል። ሰው በደሉን ሲናገር መስማት የለመድኩ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ መጣ። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ እዚህ ጅማ ይማራል። አማርኛውን ጋምቤላ ካምፕ እያለ ነው የለመደው፤ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ኮፒ ሊያስነሣ ነበር አመጣጡ። በሬ ላይ "ማመልከቻ እንጽፋለን" የሚለውን አነበበና ቆመ። "እትዬ፣ ለሌላ አገርም ይጽፋሉ?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ከአንዲት ልጅ ጋር ጠፋ። ሽማግሌ አልላከም፣ ከብት አልሰጠም። የልጅቱ ቤተሰቦች ከሰሱ። ፖሊስ ልጁን ሲያጣው አባትየውን ወስዶ አሰረ። ልጁ እስኪገኝ ወይም ከብቱ እስኪከፈል ድረስ ማለት ነው። ይኸው አራት ወር አለፈው። ክስ የለም። ዳኛ ፊት አልቀረበም። ከተማዋ ከክልሉ ዋና ከተማ ከቤንቲዩ ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ዳኛም የላትም።

ሲነግረኝ አላለቀሰም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አለኝ፦ "አገራችን ነጻ የወጣች ቀን አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲጨፍር ነበር።"

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው ያ ቀን። ከስድስት ወር በፊት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98.83ቱ መገንጠልን መርጦ ነበር። እኔም በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ሰው መንገድ ላይ እየተቃቀፈ ያለቅስ ነበር። ያንን ያየ ሰው "አሁን አባቴን ማን ያስፈታልኛል?" የሚል ጥያቄ እዚህ ጅማ ድረስ ይመጣል ብሎ አያስብም።

ልጁን "ነገ ተመለስ" ብዬ ሰደድኩት። እዚህ ሕግ የተማራችሁ አላችሁ፤ እዚያ አገር የሠራችሁም አትጠፉም። ይህ ማመልከቻ ለማን ነው የሚጻፈው?

—

የአወይቱ ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሣኝ። ሕግ አስተምራለሁ። የደቡብ ሱዳንን ሕገ መንግሥት ተማሪዎቼ ከእኛው ጋር እንዲያስተያዩት ብዬ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ወረቀቱ ችግር የለበትም። እ.ኤ.አ. የ2011ዱ የሽግግር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ፖሊስ የያዘውን ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በዋስ ካልለቀቀው ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ልብ በሉ፣ የእኛው አንቀጽ 19 የሚለው 48 ሰዓት ነው። ከባድ ወንጀል ከሆነና ሰውዬው ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለው ደግሞ መንግሥት ያቆምለታል ይላል። በዚህ ሕግ ከሄድን የዚያ ልጅ አባት በማግስቱ ዳኛ ማየት ነበረበት።

ግን "ማቅረብ" ሲባል የሚቀርቡበት ቦታ መኖር አለበት። ይቺ አገር ከዜሮ ነው የጀመረችው ብል አላጋነንኩም። እ.ኤ.አ. በ2005 ናይሮቢ ላይ ሰላም ሲፈረም የነበሯት ጥቂት ዳኞች አብዛኞቹ በካርቱም ሥርዓት፣ በአረብኛ የሠለጠኑ ናቸው። አዲሱ አገር ደግሞ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ አደረገ፣ የእንግሊዞቹን ዓይነት የሕግ ሥርዓት መረጠ። አስቡት እስቲ። ሃያ ዓመት በአረብኛ የፈረደ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ሕጉም ቋንቋውም ተቀየረበት። ምስክሩ በኑዌር ይናገራል፣ አስተርጓሚው በጁባ አረብኛ ያቀብላል፣ መዝገቡ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በመሀል የሚጠፋው የምስክሩ ቃል ነው።

ዳኞቹም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ነበር ጥያቄያቸው። ለራሱ አቤት የሚልበት ያጣ ዳኛ የሌላውን አቤቱታ እንዴት ይስማ?

—

ሰጦ ሰመሮ

ቋንቋ ላይ ያልከው እውነት ነው። እዚሁ ጅማ እናቴ በአማርኛ ብቻ ነው የምትናገረው፤ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። አስተርጓሚው ጨዋ ሰው ነበር፣ በደንብ ረዳት። እንዲያም ሆኖ ቤት ገብታ "ያልኩትን ብሎልኛል?" እያለች ሦስት ቀን ስትብሰለሰል ነበር። እሷ ከቤቷ ችሎቱ ድረስ በባጃጅ ነው የሄደችው። የዚያን አባት አስቡ።

—

የአወይቱ ልጅ

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለችው ምሥራቅ ቲሞርም ይኸው ነው የገጠማት። እ.ኤ.አ. በ2002 ነጻ ስትወጣ ፖርቱጋልኛና የአገሬው ቋንቋ ቴቱም ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆኑ። አብዛኛው ወጣት ግን በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ነበር የተማረው። ዳኛ ስላልነበራት ከውጭ አስመጣች። እ.ኤ.አ. በ2014 መንግሥት የውጭ ዳኞችንና ዐቃቤ ሕጎችን አባረረ፣ የጀመሯቸው መዝገቦች ተንጠለጠሉ። አዲስ አገር ሰንደቅ ዓላማውን በአንድ ቀን ይሰቅላል። ዳኛ ግን በአንድ ቀን አይበቅልም።

—

መንገደኛው

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። ከጅማ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ፣ ጋምቤላ፤ መስመሬ ነው። የተማረ ሰው አነጋገር አልችልም። ግን ሁላችሁም ከመሀል ጀመራችሁት። እዚያ አገር ከብት ጠባቂው ሳይቀር ክላሽ ይዟል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ጋምቤላ ድልድይ ላይ ቆሜ የሚመጣውን ሰው አይቻለሁ። እናቶች ልጅ በጀርባ፣ ልጅ በእጅ ይዘው። አሁንም አገራችን ውስጥ ያሉት ከ4 መቶ ሺህ ይበልጣሉ። መጀመሪያ ጠመንጃው ይውረድ። ሕጉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የታጠቀ ሰው ማመልከቻ አያነብም።

—

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

ወንድሜ መንገደኛው፣ ያየኸውን አይተሃል፣ አልከራከርህም። ግን ተማሪውን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። ምን አለኝ መሰለህ? "እትዬ፣ እኛ ጋ ሰው ክላሽ የሚገዛው ከብቱ ሲሰረቅ የሚከስበት ስለሌለ ነው።" ጠመንጃው እስኪወርድ ሕጉ ይቆይ ካልን፣ ጠመንጃው በምን ይወርዳል?

—

ነርሷ ከቦሳ አዲስ

እኔ ጋምቤላ ባለው የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፕ፣ ኩሌ፣ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ሴቶቹ ካልተነሣ ይህ ውይይት ጎደሎ ነው።

ሁላችሁም ስለ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው የምታወሩት። እዚያ ግን አብዛኛው ሰው መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ አያውቅም። የሚሄደው የጎሳ አለቃው ዘንድ ነው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ዕዳ፣ ከብት፣ ደም ሳይቀር እዚያ ያልቃል። ቅርብ ነው፣ በቋንቋው ነው፣ ብዙ ወጪ የለውም። ይህን ጥሩ ጎኑን አልክድም።

አንዲት እናት አውቅ ነበር። ባሏ ይደበድባታል። ልትፈታው ፈለገች። ችግሩ የጥሎሹ ከብት ነው። እሷ ስትዳር የመጣውን ከብት ወንድሞቿ ለራሳቸው ሚስት ሰጥተውታል። እሷ ከፈታች ከብቱ መመለስ አለበት። ስለዚህ ባሏ ዘንድ እየጎተቱ የሚመልሷት የገዛ ወንድሞቿ ናቸው። አለቃው ችሎት ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው፣ የሁሉም ቤት በከብት የተያያዘ ነው። ከሌላ ወንድ ጋር ታየች ከተባለ ደግሞ ዝሙት በወንጀል ሕጋቸው ስለሚያስቀጣ እስር ቤት ትገባለች። ቁስሏን እኔ ነኝ ያጠብኩት። "ለምን አትከሺም?" አልኳት። ሥልጠና ላይ የተማርኩትን ነበር የነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ለማን?" አለች። ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ ሴት ጠይቄ አላውቅም፣ መልሱን ካልያዝኩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዋና ከተማቸው ጁባ ላይ ለጾታ ጥቃትና ለሕፃናት ጉዳይ የተለየ ፍርድ ቤት ተከፍቷል። ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግን ጁባ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ከተማ ከከተማ ይቆራረጣል። ዳኞች በአውሮፕላን እየሄዱ የሚያስችሉባቸው ተንቀሳቃሽ ችሎቶችም አሉ፤ በተባበሩት መንግሥታት እገዛ ማላካልና ቤንቲዩ ሄደዋል። ዳኛው ሲመጣ ሰልፉ ረጅም ነው። ከዚያ ይሄዳል።

—

ሙና

ነርሷ፣ እጅሽ ይባረክ።

እኔ አንድ ፍርድ ከአእምሮዬ አይወጣም። በጁላይ 2016 ጁባ ላይ ውጊያ ሲነሣ ወታደሮች የዕርዳታ ሠራተኞች የተጠለሉበት የሆቴል ግቢ ገቡ። አንድ የአገሩን ጋዜጠኛ ገደሉ፣ ሴቶች ደፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወታደራዊ ፍርድ ቤት አሥር ወታደሮችን ጥፋተኛ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልቀንሰውም፤ ከዚያ በፊት ወታደር ሲጠየቅ ብዙም አልታየም። ካሣውን ስሙ ግን። ለጋዜጠኛው ቤተሰብ 51 ከብት። ለተደፈሩት ለእያንዳንዳቸው 4,000 ዶላር። ለሆቴሉ ባለቤት፣ ለጠፋው ንብረት፣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ዕቃ በሚሊዮን፣ የሴት ገላ በ4 ሺህ። ይህን የጻፈው ሰው እጁ አልተንቀጠቀጠም?

ይህ እንኳ የውጭ ሰው ስለተነካ የታየ ነው። በጦርነቱ ያለቀው ሕዝብስ? በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ስምምነት ላይ ተፋላሚዎቹ የአፍሪካ ኅብረት ከደቡብ ሱዳናውያንና ከሌሎች አፍሪካውያን ዳኞች የተውጣጣ ልዩ ፍርድ ቤት እንዲያቋቁም ተስማምተው ነበር። መስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲፈራረሙም ደገሙት። የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ የመሩት የኅብረቱ አጣሪ ቡድን ሪፖርት ካወጣም ቆይቷል። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ ቀን አላስቻለም።

—

ሽማግሌው ከአጋሮ

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ልናገር።

ሙና ልጄ፣ ያበሳጨሽ ነገር እኔንም አበሳጭቶኛል። ነገር ግን 51ዱን ከብት አትናቂው። ከብቱ የሰው ዋጋ አይደለም። እኛም አካባቢ ጉማ አለ፤ እኔ ራሴ አምስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ጉማ የሚከፈለው ደም እንዲደርቅ ነው። የሟች ልጅ አድጎ የገዳይን ልጅ እንዳይፈልግ ነው። የእነሱም እ.ኤ.አ. የ2008 የወንጀል ሕግ ይህን ያውቃል፤ የሟች ቤተሰብ የደም ካሣ ከመረጠ ፍርድ ቤቱ በሞት ፋንታ ካሣና እስር ሊወስን ይችላል። ይህ ጥበብ ነው። እዚህ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና አግኝተዋል።

የነርሷን ነገር ግን እቀበላለሁ። ሴት የማትቀመጥበት ሽምግልና ግማሽ ሽምግልና ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አልደብቅም።

አሁን ወደ ተማሪው አባት ልምጣ። ሰዎች "ባህላቸው ነው" ይላሉ። ባህል አይደለም! በእኛም ደንብ ካሣውን ወገን ያዋጣል፤ ከብቱ የጋራ ነው። እስር ግን የጋራ ሆኖ አያውቅም። ሽምግልና እስር ቤት የለውም። ሽማግሌ "ልጅህ ያጠፋውን ክፈል" ይላል እንጂ "ልጅህ ስለጠፋ አንተ ጨለማ ክፍል ግባ" አይልም። ከባህሉ የጋራ ኃላፊነትን ወሰዱ፣ ከመንግሥቱ ቁልፉን ወሰዱ፣ ሁለቱን ገጠሙና አንድ ንጹሕ ሰው ላይ ዘጉት። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባላል። ያ ሰውዬ ሃያ ከብት ክፈል ተብሎ በአደባባይ ቢፈረድበት ይከፍል ነበር። የሚያንገበግበው ሳይጠየቅ መዘጋቱ ነው።

—

ሙና

አባባ፣ ይቅርታ። ከብቱን በዚያ ዓይን አላየሁትም ነበር። በ4 ሺው ግን አልመለስም።

—

ሽማግሌው ከአጋሮ

አትመለሺ ልጄ።

—

የአወይቱ ልጅ

አባባ፣ እኔ ክፍል ውስጥ በሁለት ሳምንት የማላስረዳውን በአምስት መስመር አስቀመጡት።

በሕጉም ያሉት ልክ ነው። የደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. የ2009 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የአለቃ ችሎቶችን ያውቃቸዋል። የወንጀል ጉዳይ ግን ፍርድ ቤት ካልመራላቸውና ከባህል ጋር ካልተያያዘ በቀር የእነሱ አይደለም። ተያይዞ መጥፋትና ጥሎሽ የባህል ጉዳይ ነው፤ አለቃው ይየው። ሰው ማሰር ግን የዳኛ ነው። በወንጀል የሚጠየቀውም ያጠፋው ሰው ራሱ ነው። አባት የልጅ መያዣ አይሆንም።

ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ማመልከቻ ጻፊ። እዚያ አገር ዐቃቤ ሕጎቹ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ዳኛ በሌለበት ቦታ የክልሉ ዋና ከተማ ያለው ዐቃቤ ሕግ እስረኛው በምን እንደተያዘ ፖሊስን መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያው ለእሱ ይሁን፣ በእንግሊዝኛ፣ አንቀጽ 19ን ጠቅሰሽ። አታርዝሚው። የተያዘበት ቀን፣ ቦታው፣ ክስ አለመኖሩ፣ የሚጠየቀው ነገር። በሕገ መንግሥቱ የተቋቋመ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ስላላቸው ግልባጭ ለጁባ ይሂድ።

ሁለተኛው ለአለቃው ይሁን። እዚያ ላይ አንቀጽ አትጥቀሺ። አባባ የጻፉትን ጻፊ።

—

መንገደኛው

በሁለት ማመልከቻ ሰው ይፈታል ብዬ አላምንም። ግን ጋምቤላ ድረስ ወረቀት የሚያደርስ ከተፈለገ ሐሙስ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያሻግሩ ነጋዴዎች አውቃለሁ።

—

ነርሷ ከቦሳ አዲስ

አንድ ነገር ልጨምር። የልጅቱን ነገር እንዳትረሱት። "ጠፋች" የተባለችው ልጅ ወዳ ነው የሄደችው ወይስ ተጠልፋ? ዕድሜዋስ? ሁላችንም ስለ አባትየው ስናወራ እሷን ማንም አልጠየቀም። እኔም ጭምር።

—

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

እውነትሽን ነው። ጠየቅሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወዳ ነው የሄደችው፣ ለታላቅ እህቷ ደውላለች። ይህንንም ለአለቃው በሚሄደው ላይ አስገባነው። ልጅቱ ራሷ ቀርባ ትሰማ የሚል መስመር ጨመርን። መጀመሪያ ተማሪው "አለቃው አይወደውም" ብሎ አንገራገረ። ትንሽ አሰበና "ይግባ" አለ።

ዛሬ ከሰዓት ጨረስን። የእንግሊዝኛው አንድ ገጽ ሆነ፣ የአወይቱ ልጅ አርሞልናል። የአለቃውን በአማርኛ ጻፍኩት። ተማሪው አጠገቤ ተቀምጦ ወደ ኑዌር መለሰው፣ ጮክ ብሎ እያነበበ። አለቃው ማንበብ ስለማይችል አጎቱ ስልኩን ድምጹን ከፍ አድርጎ እፊቱ ይይዝለታል፣ ልጁም ከዚህ ያነብለታል። የአባባን ቃል፣ ሽምግልና እስር ቤት የለውም የሚለውን፣ ሲያነብ ቆም አለ። "ይህ በእኛ ቋንቋ ሲባል የበለጠ ያምራል" አለኝ።

ማኅተም አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያለኝ የጽሕፈት ቤቱ ክብ ማኅተም ነው፣ እዚያ አገር ምንም አይሠራም ብዬ ነገርኩት። "ይሁን፣ ምቱልኝ" አለ። መታሁለት።

መንገደኛው፣ ፖስታው እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነኝ።